ሲሞቅ የሚጠፋ፣ ሲበርድ የሚነሣ

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የተጓዘ ሰው የደንገጎን ዳገት አይረሳም። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ዳገቱ ሲያልቅ ከፍታው ወደ 2,000 ሜትር ይጠጋል። ይህን ሁሉ መኪናው የሚወጣው አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ነው። በቀትር በዚያ ሲያልፉ አንድ አሮጌ መኪና ኮፋኖው ተከፍቶ ጥግ ይዞ ማየት የተለመደ ነው። ሹፌሩ ጨርቅ በውኃ አርሶ የነዳጅ ፓምፑ ላይ ጣል ያደርጋል፤ ተሳፋሪው ጥላ ፍለጋ ይበታተናል። ምን ሆነ ብሎ ለጠየቀም መልሱ ዝግጁ ነው፦ «አቦ፣ ቤንዚኑ ፈልቶ ነው፤ ትንሽ ይብረድለት።»

ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ሞተሩ ይነሣል። ጨርቁ ሠራ ተብሎ ጉዞው ይቀጥላል፤ በማግሥቱም እዚያው ቦታ ይቆማል። ቤንዚን መፍላቱ እውነት ነው፣ ይደርሳል። ነገር ግን ሲሞቅ ጠፍቶ ሲበርድ የሚነሣ ሞተር ከሁለት የተለያዩ በሽታዎች በአንዱ ሊያዝ ይችላል፤ አንዱ የነዳጅ ነው፣ ሌላው የኤሌክትሪክ። ሁለቱም በሙቀት ይብሳሉ፣ ሁለቱም በዕረፍት ይሻላቸዋል። መጠበቅ ሁለቱንም ስለሚያስነሣ፣ የትኛው እንደነበረ አይናገርም። ስለዚህ የምርመራው ጊዜ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ያሉት የመጀመሪያ ደቂቃዎች ናቸው፤ ገና ትኩስ ሳለ፣ በሽታው ገና በላዩ ሳለ። መኪናው በርዶ፣ በራሱ ተነሥቶ ጋራዥ ከደረሰ በኋላ መካኒኩ የሚመረምረው ጤነኛ መኪና ነው።

ድሬዳዋ ራሷ የተቆረቆረችው በዚሁ ዳገት ምክንያት ነው ማለት ይቻላል። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በመጀመሪያው ሐሳብ ሐረር መድረስ ነበረበት። ተራራው ወጪውን ስላከበደው ሐዲዱ እግሩ ሥር ቀረ፤ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስም አዲሲቱ ከተማ እዚያው ቆመች። ከዚያ ወዲህ ወደ ሐረር የሚወጣ ዕቃና ሰው በእንስሳ፣ በኋላም በመኪና ተራራውን መቋቋም ነበረበት። ከመኪናዎቹ ሁሉ በዚህ አካባቢ ስሙ ገንኖ የቆየው ፔጆ 404 ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣ፣ ቅርጹን የጣሊያኑ ፒኒንፋሪና የነደፈው፣ 1,618 ሲሲ ሞተሩ ወደ ጎን 45 ዲግሪ ጋደል ብሎ የተቀመጠ መኪና ነው። በምሥራቅ አፍሪካው የሳፋሪ ራሊ በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አሸንፏል። ፈረንሳይ ውስጥ የአውቶሞቢሉ መመረት በ1975 ቢቆምም፣ ሐረር ላይ ታክሲ ሆኖ ከዚያ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት ሠርቷል። ከዚህ በታች የምለው ግን ለእሱ ብቻ አይደለም። ካርቡሬተር፣ በሞተሩ ኃይል የሚሠራ የነዳጅ ፓምፕና ኮንታክት ያለው ዲስትሪቢዩተር ያለበትን መኪና ሁሉ ይመለከታል፤ ለምሳሌ ላዳን፣ ወይም ዲኤክስ የምንላትን የቆየች ኮሮላ።

በመጀመሪያ ቤንዚኑ እንዴት ይፈላል? ቤንዚን እንደ ውኃ በአንድ የተወሰነ ሙቀት የሚፈላ ነገር አይደለም። የብዙ ፈሳሾች ድብልቅ ነው፤ ቀላሎቹ በባሕር ጠለል ላይ ከ35 እስከ 40 ዲግሪ ባለው ሙቀት መትነን ይጀምራሉ፣ ከባዶቹ ግን ከ100 ዲግሪ በላይ ይፈልጋሉ። ከፍ ባልን ቁጥር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ መፍላቱ ይቀላል፤ 2,000 ሜትር ላይ ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው አምስት እጅ አራቱ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ፓምፑ የተቀመጠው ከሞተሩ ጋር ነው፣ ታንኩ ግን ከኋላ ነው። ፓምፑ ቤንዚኑን ስቦ ስለሚያመጣው በመሳቢያው ቱቦ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጪው አየር እንኳ ያነሰ ይሆናል። ቱቦው በማርሚታው ወይም በሞተሩ አጠገብ የሚያልፍ ከሆነ ነገሩ ሁሉ ተሟላ፤ ሙቀት፣ ከፍታ፣ መሳብ። ቤንዚኑ ቱቦው ውስጥ ተንኖ ጋዝ ይሆናል። ፓምፑ የተሠራው ፈሳሽ ለመግፋት ነው፤ ጋዙን አንዴ ይጨምቀዋል፣ አንዴ ይለቀዋል እንጂ ወደፊት አያሳልፈውም። ካርቡሬተሩ ያለውን ጨርሶ ይደርቃል።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ቦቢናው ነው። ቦቢና የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 15 እና 20 ሺህ ቮልት ከፍ አድርጎ ለካንዴላዎቹ የሚያቀብል ጥቅል ሽቦ ነው። አራት ሲሊንደር ያለው ሞተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲሽከረከር በሴኮንድ 100 ብልጭታ ይጠይቀዋል፤ ዕረፍት የለውም። ሽቦዎቹ እርስ በርስ እንዳይገናኙ የሚለያቸው ስስ ልባስ በዕድሜ ብዛት ይሰነጠቃል። ሲበርድ ኤሌክትሪኩ ስንጥቁን አያልፈውም። ሲሞቅ ልባሱ ይደክማል፣ ከፍተኛው ቮልት ካንዴላው ጋ ሳይደርስ ውስጥ ለውስጥ አቋርጦ ይቀራል። መዳብ ራሱም ሲሞቅ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው በእያንዳንዱ ዲግሪ 0.4 በመቶ ገደማ ይጨምራል። 25 ዲግሪ ላይ 3 ኦም የነበረ ጥቅል 85 ዲግሪ ላይ ወደ 3.7 ይደርሳል፤ የሚያልፍበት ኤሌክትሪክም ከ4 አምፒር ወደ 3.2 ይወርዳል። ዲስትሪቢዩተሩ ላይ ያለው ትንሹ ኮንደንሰርም ተመሳሳይ ጠባይ አለው፤ ጠዋት ደህና ነው፣ ቀትር ላይ ይከዳል።

እንግዲህ መኪናው ቆሟል። ቁልፉን አጥፉ። ቁልፉ በርቶ ሞተሩ ቆሞ ሳለ ኮንታክቶቹ ተገናኝተው ከቀሩ ቦቢናው 50 ዋት ያህል ሙቀት ዝም ብሎ ይጠጣል፤ ደህና የነበረውም ይቃጠላል። ሲጋራ የያዘ ሰው ካለ ራቅ ይበል።

የአየር ማጣሪያውን ክዳን አንሡና የካርቡሬተሩን ጉሮሮ ወደ ውስጥ ተመልከቱ። ነዳጅ መስጫውን ማንቀሳቀሻ በእጅ ሳብ አድርጉት። በካርቡሬተሩ ውስጥ ፔዳሉ በተረገጠ ቁጥር ተጨማሪ ቤንዚን የምትረጭ ትንሽ ፓምፕ አለች። ቀጭን የቤንዚን ጅረት በኃይል ከወጣ ካርቡሬተሩ ቤንዚን አለው ማለት ነው፤ በዚያች ሰዓት ሞተሩን ያጠፋው የነዳጅ እጥረት አይደለም። ምንም ካልወጣ ወይም ጠብ ጠብ ብሎ ከቀረ ካርቡሬተሩ ደርቋል፣ ምክንያቱን ወደ ኋላ እየተከተልን መፈለግ አለብን። ይህ ሙከራ መሣሪያ አያስፈልገውም፣ አሥር ሴኮንድም አይፈጅም። ሳይሠሩት ጨርቅ ማርጠብ የጀመሩ ሰዎችን ባየሁ ቁጥር ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም በበረደ ካርቡሬተር ላይ ያው ሙከራ ምንም አይነግራቸውም።

ቤንዚን ካለ ወደ ብልጭታው እንሂድ። አንድ ትርፍ ካንዴላ ሁልጊዜ በመኪናው ውስጥ ይኑር። የአንዱን ካንዴላ ገመድ ነቅላችሁ ትርፉ ላይ ሰኩት፤ የካንዴላው ብረት የሞተሩን ንጹሕ ብረት እንዲነካ አድርጋችሁ ከካርቡሬተሩ ራቅ ባለ ቦታ አስቀምጡት። ማጣሪያው ክፍት ከነበረ መጀመሪያ ይዘጋ። በእጅ አትያዙት፤ በሞተሪኖ ሲዞር ሌላ ሰው ቁልፉን ይያዝ። ሰማያዊ፣ ጠንካራ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ ያለው ብልጭታ ጥሩ ነው። ቢጫና ቀጭን ከሆነ፣ አንዴ መጥቶ አንዴ ከቀረ ቦቢናው፣ ኮንደንሰሩ ወይም ወደ ቦቢናው የሚመጣው ኤሌክትሪክ ይጠረጠራል። የመጨረሻውን ለመለየት ባለ ሁለት ሽቦ የ12 ቮልት አምፖል ይበቃል። አንዱ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ ሌላው የቦቢናው ፖዘቲቭ ላይ፤ ቁልፉ ሲከፈት ካልበራ ኤሌክትሪኩ ቦቢናው ጋ አልደረሰም። ከበራ ያንኑ ጫፍ ወደ ቦቢናው ኔጋቲቭ አዛውሩት። ሞተሪኖው ሲያዞር ብልጭ ድርግም ካለ ኮንታክቶቹ እየሠሩ ነው። ፖዘቲቩም በርቶ፣ ኔጋቲቩም ብልጭ ድርግም እያለ፣ ካንዴላው ላይ ግን ደካማ ብልጭታ ከመጣ ቦቢናውና ኮንደንሰሩ ይቀራሉ። ኮንደንሰር ርካሽ ነው፤ መጀመሪያ እሱን መቀየር ተገቢ ነው።

አጠፋፉም የሚናገረው አለው። በነዳጅ እጥረት የሚጠፋ ሞተር እያነቀው፣ እየተንገዳገደ፣ ጉልበቱ እየከዳው ነው የሚሄደው። ሽቦ ተቋርጦ የሚጠፋ ሞተር ግን ቁልፉ የተዘጋ ያህል በአንዴ ዝም ይላል። ትኩስ ቦቢና ግን በሁለቱ መካከል ነው፤ እየሳተ፣ እየሳተ ሄዶ ሊጠፋ ስለሚችል በአጠፋፉ ብቻ መፍረድ አይቻልም።

ካርቡሬተሩ ደርቆ ከተገኘም መፍላት የመጀመሪያው ጥርጣሬ ነው እንጂ ብቸኛው አይደለም። የታንኩን ክዳን ክፈቱ። አየር ወደ ውስጥ ሲሳብ ፉጨት ከተሰማ የክዳኑ መተንፈሻ ቀዳዳ በአቧራ ተደፍኗል፤ ፓምፑ ቤንዚኑን በሳበ ቁጥር ታንኩ ባዶነት እየያዘ በመጨረሻ አልለቅም ይላል። ይህም ከተወሰነ ጉዞ በኋላ ያጠፋል፣ ትንሽ ከቆዩ በኋላ ይነሣል፤ ከሙቀት ጋር ግን ግንኙነት የለውም። በብርድም ያው ነው። ብዙ ፓምፕ በዚህች ቀዳዳ ጥፋት ተቀይሯል።

ከዚያ የጎማ ቱቦው አለ። ከፓምፑ እስከ ካርቡሬተሩ ያለው ቱቦ ከተሰነጠቀ ቤንዚን ስለሚያንጠባጥብ ይታያል፣ ይሸታል። ከታንኩ እስከ ፓምፑ ያለው ከተሰነጠቀ ግን ሞተሩ ሲሠራ አንድ ጠብታ አይወጣም፤ መሳቢያ ስለሆነ በስንጥቁ አየር ያስገባል። ሜዳ ላይ ፓምፑ ይህን ጉድለት ሊሸፍነው ይችላል፤ ዳገት ላይ ሞተሩ ብዙ ነዳጅ ሲጠይቅ ግን ያንሳል። ያረጀ ጎማ ጫፉ ጋ ሲታጠፍ ቅርፊቱ ከተሰነጠቀ ጊዜው አልፏል። አዲስ አበባ ውስጥ ቤንዚን ከኢታኖል ጋር እየተቀላቀለ ይሸጥ በነበረበት ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በ5 በመቶ ተጀምሮ በ2011 ወደ 10 በመቶ ሲያድግ፣ ለኢታኖል ያልተሠራ የቆየ ጎማ ያላቸው መኪናዎች ተጨማሪ ምክንያት ነበራቸው፤ ኢታኖል እንዲህ ያለውን ጎማ ያሳብጠዋል፣ ቤንዚኑንም በቀላሉ እንዲተን ያደርገዋል።

ከከተማው ወጥቶ ወደ ዋሂልና ወደ ሌሎቹ የድሬዳዋ ገጠር ቀበሌዎች ለሚሄድ ሰው ሌላ ጉዳይ ይጨመራል፤ ከማደያ ርቆ በጀሪካን ወይም በሃይላንድ ተሞልቶ የሚገዛ ቤንዚን። ዕቃው ቀድሞ ምን እንደያዘ፣ ክዳኑ ስንት ቀን ክፍት እንደቆየ ገዢው አያውቅም። ውኃ ከቤንዚን ይከብዳል። ጥቂቱን በንጹሕ ግልጽ ጠርሙስ ቀድታችሁ ለጥቂት ደቂቃ ብታስቀምጡት ውኃው ከሥር ለብቻው መስመር ሠርቶ ይታያል፣ አሸዋውም ይዘቅጣል። ላምባ የተቀላቀለበትን ግን ጠርሙስ አይለየውም፤ ሽታውና ጣት ላይ ቶሎ አለመድረቁ ይጠቁማል፣ ሞተሩም ዳገት ላይ ኳ ኳ ይላል። ነዳጅ ሲቀዳ በጥሩ ጨርቅ ማጥለልና ከታንኩ በኋላ ማጣሪያ መግጠም ከብዙ መከራ ያድናል።

አንድ ነገር ደግሞ ከዚህ ሁሉ መለየት አለበት። መኪናው በሰላም ወጥቶ፣ ሹፌሩ ሻይ ሊጠጣ ቆሞ፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ አልነሣም ካለ ነገሩ ተቃራኒ ነው። ሞተር ሲጠፋ ውኃውም አየሩም መንቀሳቀሱን ስለሚያቆም ኮፋኖው ሥር ያለው ሙቀት ለጥቂት ጊዜ ይጨምራል። ካርቡሬተሩ ውስጥ የተጠራቀመው ቤንዚን እየፈላ ወደ ሞተሩ ይፈሳል፤ ሞተሩ በትርፍ ቤንዚን ታፍኗል። ፔዳሉን ደጋግሞ መርገጥ ያባብሰዋል። እስከ ወለል ረግጦ፣ እዚያው ይዞ ሞተሪኖውን ማዞር ነው፤ አየሩ በብዛት ገብቶ ትርፉን ያወጣዋል። ዳገቱ ራሱም በዚህ አቅጣጫ ይገፋል፤ አየሩ ሲሳሳ ካርቡሬተሩ ቤንዚኑን በዚያው መጠን ስለማይቀንስ ድብልቁ ይበዛበታል። ጥቁር ጭስና ጥላሸት የለበሰ ካንዴላ የዚህ ምልክቶች ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ አደገኛ ልማድ ሳልጠቅስ አላልፍም። ሞተሩ እምቢ ሲል በካርቡሬተሩ አፍ ቤንዚን ከጠርሙስ እያፈሰሱ ሌላው ሰው ቁልፍ እንዲያዞር ማድረግ። ብልጭታው ጊዜውን ከሳተ እሳቱ በመጣበት ይመለሳል፤ ጠርሙሱን የያዘው ሰው ፊትና እጅ እዚያው ነው። የካርቡሬተሩን ርጭት በዓይን ማየት ያንኑ መልስ ያለ ቃጠሎ ይሰጣል።

ወደ ሽቦው እንመለስ፣ ምክንያቱም በአሮጌ መኪና ላይ ከሁሉ ይልቅ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነው። አሮጌ ሽቦ ብዙ ጊዜ አይበጠስም፤ ይዝጋል፣ ይላላል፣ ኤሌክትሪኩን በከፊል ያግዳል። ከፊል እገዳ ደግሞ ከአምፖል ሙከራ ያመልጣል፤ አምፖሉ ደብዘዝ ብሎም ቢሆን ይበራል፣ ሰውም ኤሌክትሪክ አለ ብሎ ያልፈዋል። የቁልፉ መገናኛ ውስጥ አንድ ኦም ብቻ ዝገት አለ እንበል። የቦቢናው ተቃውሞ 3 ኦም ከሆነ በአራት ኦም ውስጥ የሚያልፈው 3 አምፒር ነው፤ ቦቢናውም 9 ቮልት ብቻ ያገኛል። ቦቢናው የሚያጠራቅመው ጉልበት በኤሌክትሪኩ ስኩዌር ልክ ስለሚቀንስ ከሚገባው 56 በመቶው ብቻ ይቀራል። ሞተሪኖው እያዞረ ባትሪው ወደ 10 ቮልት ሲወርድ ደግሞ 40 በመቶም አይሞላም። ቦቢናው ጤነኛ ነው፣ አዲስ ቢገዛም ለውጥ አይመጣም።

ስለዚህ ርካሹም ቢሆን አንድ ቴስተር ያስፈልጋል፤ መለኪያው ደግሞ ሥራው እየተሠራ ሳለ ይሁን። ሞተሩ ቆሞ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ያሳያል፤ ሞተሩ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.4 መሆን አለበት። አሁን አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን ባዶው የሞተሩ ብረት ላይ አድርጋችሁ ሞተሪኖውን አዙሩ። በመካከላቸው ግማሽ ቮልት እንኳ ከታየ ብዙ ነው፤ የግራውንዱ ገመድ ወይም መገናኛው ዝጓል። ሞተሪኖ 200 አምፒር ሊስብ ይችላል፤ የኦም አንድ መቶኛ የሆነ ዝገት ብቻውን 2 ቮልት ይበላበታል። ከሞተሩ ወደ ሻንሲው የሚሄደው የተገመደ ገመድ የሚገርም ጉዳት ያመጣል። ተበጥሶ ሳለ መኪናው ይነሣል፣ ኤሌክትሪኩ ግን መመለሻ ፍለጋ በነዳጅ መስጫው ሽቦ በኩል ይሄዳል፤ ሽቦው እስኪግል፣ አንዳንዴም እስኪያጨስ ድረስ። ፈትቶ፣ በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ አሽቶ፣ አጥብቆ ማሰር ከማንኛውም መለዋወጫ ግዢ መቅደም አለበት።

ፊውዝ ላይ ምሕረት የለኝም። ፊውዝ በተደጋጋሚ ሲቃጠል የሲጋራ ፓኬት ብር ወረቀት ወይም የመዳብ ክር መጠቅለል ነገሩን ያስቆመ ይመስላል። ፊውዙ ይቃጠል የነበረው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው። ወረቀቱ ከተጠቀለለ በኋላ ቀጣዩ ደካማ ነገር ከዳሽቦርዱ ጀርባ ያለው፣ በሙቀት የደረቀ የሽቦ ጥቅል ነው፤ በዚያው ኮፋኖ ሥር ደግሞ አየር የሚስብ ያልነው የተሰነጠቀ የቤንዚን ቱቦ አለ፣ ሞተሩ ሲቆም ግን ማንጠባጠብ የሚችል።

ኢንጀክሽን ባላቸው በኋለኞቹ መኪናዎች ነዳጅና ሽቦ አንድ ቦታ ይገናኛሉ። ፓምፑ ታንኩ ውስጥ ነው፣ በኤሌክትሪክ ይሠራል፣ ነዳጁን ከ2.5 እስከ 3 ባር በሚደርስ ግፊት ስለሚገፋው መፍላት ብርቅ ነው። ቁልፉ ሲከፈት ለሁለት ሴኮንድ ያህል እም የሚል ድምፁ ከኋላ ካልተሰማ ፊውዙን፣ ሪሌውን፣ የፓምፑን ግራውንድ እዩ። ድምፁ ኖሮ ጉልበት ከሌለው ፓምፑ እየሠራ ሳለ እዚያው ሶኬቱ ላይ ቮልቱን ለኩ፤ 9 ወይም 10 ከሆነ ጥፋቱ የፓምፑ ሳይሆን ወደ ፓምፑ የሚሄደው ሽቦ ነው።

ይህ ሁሉ ለምን እንዳስጨነቀኝ ብትጠይቁ፣ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል፤ ያሉት አሮጌዎች ገና ረጅም ዕድሜ ይጠበቅባቸዋል። መለዋወጫቸው እየተወደደና እየጠፋ ነው። በግምት ፓምፕ፣ ከዚያ ካርቡሬተር፣ ከዚያ ቦቢና የቀየረ ባለመኪና ምናልባት ሦስት ጤነኛ ዕቃ አውጥቶ ጥሏል፤ ከገበያ ያመጣው ደግሞ ከጣለው የባሰ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የተፈታ ዕቃ ጥፋቱ በመለኪያ እስኪረጋገጥ አይጣል። አዲሱ ተገጥሞ መኪናው ያው ከሆነ የድሮው ይመለስ፤ አንድ ነገር ተቀይሮ ሳይፈተሽ ሁለተኛው አይነካ። ከጥገና በኋላም ፈተናው በጠዋት ብርድ ጋራዥ ደጃፍ ላይ አይደረግ፤ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ጭነት፣ ከጠፋበት ቦታ አልፎ ይሁን።